ያላጠባሁት ልጅ

ልጆቼ፣ የዙወይናንና የኸልፋንን ነገር ከጀመርኩላችሁ ወዲህ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ማን ነው የለያያቸው?» ትሉኛላችሁ። አባቷን ናኾዳ ሙሰለምን የጠረጠራችሁ ብዙ ናችሁ። አልፈርድባችሁም። የመርከብ አዛዥ ነው፣ ኩሩ ነው፣ የብስ ላይ ሲራመድ እንኳ መሬቱ የሚወዛወዝበት ይመስል እግሩን ከፈት አድርጎ ነው። የኖራ አቃጣይ ልጅ ለልጁ አይመኝም ነበር። ግን እሱ አይደለም የለያያቸው። እስከ ዛሬ ነገሩን ዙሪያውን እየዞርኩ ያቆየኋችሁ ወደ ራሴ ላለመድረስ ነው። ዛሬ ደረስኩ።

የለያየኋቸው እኔ ነኝ። ያሳደግኳት እኔ፣ ረያ። በአንዲት ቃል።

ዙወይና በተወለደች በሦስተኛው ቀን እናቷ ሞተች። ሟቿ የአክስቴ ልጅ ነበረች። እኔም በዚያው ሳምንት ልጄን መርሁንን ቀብሬ፣ ጡቴ ሞልቶ እያመመኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። ናኾዳው ሕፃኗን በሻሹ ጠቅልሎ አመጣት። ጭኔ ላይ አስቀምጧት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እናቴ ስትለኝ ኖረች። ባሌን ባሕር ወስዶት ነበር። ሌላ ማንም አልነበረኝም።

ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ጁመዓ ኖራ አቃጣዩ ይኖራል። የመንደራችን የቀልሃት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሩቅ በነጭ ቅንድቡ ይለያል። ከመንደራችን በላይ ካለው ከፈረሰው የጥንት ከተማ የዛጎል ድንጋይ እየለቀመ በእቶኑ ያቃጥላል። ድንጋዩ ኖራ ይሆናል፣ ኖራው ከፍየል ሞራ ጋር ይለወሳል፣ በእጅ እየታፈሰ የመርከብ ሆድ ይቀባል። ያ ቅባት ከሌለ መርከቡን የባሕር ትል ይበላዋል። ያለ ጁመዓ ኖራ ከዚህ ዳርቻ የሚነሳ መርከብ የለም፤ ለጁመዓ ልጅ ግን ሴት ልጁን የሚሰጥ ባለመርከብም የለም። ኸልፋን የእሱ ልጅ ነው።

ኸልፋን አሥር ወሩ ሳለ እናቱ ወባ ያዛት። ጁመዓ ልጁን ይዞ በሬ ላይ ቆመ። «ረያ፣ እሷ ራሷን አታውቅም፣ እኔ ደግሞ ጡት የለኝ» አለኝ፤ በጭንቁም ጊዜ መቀለድ አይተውም። ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። ኋላ ወተቴ ሲበዛ የሰባት ቤት ልጆች አጥብቻለሁ፤ ያኔ ግን ዙወይና ገና ሁለት ወሯ ነበር፣ ከሲታ ነበረች፣ ወተቴ ለእሷም አይበቃ። እና ኸልፋንን ንጹሕ ጨርቅ የፍየል ወተት ውስጥ እየነከርኩ አስመጠጥኩት። ጨርቁን ነው የጠባው። ከጡቴ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ይህን ያየ ሰው አልነበረም። እናቱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

በእኛ ዘንድ ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው። ጋብቻ እስከ ዕለተ ሞት የለም። ምስክሯ ደግሞ ያጠባችው ሴት ናት። ሌላ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ፍቅራቸው ልመልሳችሁ። ሐሙስ ሐሙስ እኔና ዙወይና ጥንት ከተማዋን ታስተዳድር የነበረችውን የእመቤቲቱን መቃብር ልንጠርግ ወደ ፈረሰው ከተማ እንወጣ ነበር። ጉልላቱ ወድቋል፣ አራቱ ግድግዳ ግን እንደ ቆመ ነው። ኸልፋን እዚያው አካባቢ ድንጋይ ሲለቅም እናገኘዋለን። ሲያየን ፊቱን ወደ አህያው አዙሮ ጭነት ማጥበቅ ይጀምራል። ጠርገን እስክንጨርስ ያጠብቃል።

«ይህ አህያ ዛሬ ገመዱ አንጀቱ ይገባል» አልኩ አንድ ቀን። ዙወይና በመከናነቢያዋ ውስጥ ሳቀች። ሳቋን ሰምቶ የአህያው ጆሮ ሳይሆን የኸልፋን ጆሮ ቀላ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቆይቶ ደግሞ ደብዳቤዎቹን ደረስኩባቸው። በምዕራቡ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ በታች፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። እሱ ወረቀት ስለሌለው በሸክላ ስባሪ ላይ በከሰል ይጽፍላታል፤ እዚያ ቦታ ሰማያዊ ሸክላ እንደ ጠጠር ነው። እሷ በሻይ ቅጠል መጠቅለያ ወረቀት ትመልስለታለች። አንዱን ሸክላ አይቼዋለሁ። «ኩዌት ሥራ አለ ይላሉ። አብረን እንሂድ» ይላል።

ይህቺን አንብቤ ሸክላውን ወደ ቦታው መለስኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ዙወይና የምትተኛበትን ምንጣፍ ባየሁ ቁጥር ባዶ ሆኖ ይታየኝ ጀመር።

ጁመዓ ሽማግሌ ይዞ የናኾዳውን ደጅ በመታ በማግስቱ ናኾዳ ሙሰለም እኔ ዘንድ መጣ። አልተቀመጠም።

«የመርሁን እናት» አለኝ። ልጄ ሞቶም እንኳ በስሙ ነው የሚጠሩኝ። «የጁመዓ ልጅ ሕፃን ሆኖ ሦስት ቀን እዚህ ነበር አሉ።»

«ነበር።»

«አጥብተሽዋል?»

ልጆቼ፣ ዓይኑን አየሁት። እንቢ ለማለት ምክንያት አጥቶ የሚፈልግ ሰው ዓይን ነበር። እኔ ግን ለእሱ ብዬ አይደለም የዋሸሁት፣ ይህን አትሳቱ። እኔ የታየኝ ኩዌት ነው፤ የታየኝ ባዶው ምንጣፍ ነው።

«አጥብቼዋለሁ» አልኩት።

«አንድ ጊዜ?»

«ሦስቱንም ቀን። እስኪጠግብ።»

ትንፋሹን ለቀቀው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሳናውቅ ሳንሳሳት» ብሎ ሄደ። እኔ የቆምኩበት ቀረሁ። ስንት ዓመት ደርቆ የነበረ ጡቴ ሲያመኝ ተሰማኝ።

*

ለዙወይና የነገርኳት ሩዝ ስትለቅም ነው። ጣቷ ትሪው ላይ ቆመ።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«መች ጠየቅሽኝ?» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል፤ መንገዱ ተጠርጓልና።

«እና ወንድሜ ነው።»

«ወንድምሽ ነው።»

መልሳ መልቀም ጀመረች። ግን የምትለቅመው ድንጋዩን ትታ ደህናውን ሩዝ ነበር። ደህናውን አንድ በአንድ እያነሳች ትጥለዋለች። እኔ አየሁ፤ እጇን አልያዝኳትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላሰብኩበትም ነበር። እለያያቸዋለሁ ብዬ ዋሸሁ፤ ውሸቴ ግን አገናኛቸው። የመስጊዳችን ሼኽ ዛሂር ኸልፋንን ጠርተው «እህት ካለህ መጠየቅ ግዴታህ ነው፤ ዝምድና መቁረጥ ኃጢአት ነው» አሉት። በበዓል ቀን አዲስ ነጭ ልብስ ለብሶ መጣ። ወንድም ነውና ፊቷን ከእሱ አትሸፍንም። ከልጅነታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ።

ጎረቤታችን ሸምሳ በሩ ላይ ተገትራ ታያለች። «ዙወይና፣ በነፃ ወንድም አገኘሽ! በይ እንግዲህ ውሃ ያመላልስልሽ፣ ትከሻው ደህና ነው!» ትላለች። ደጅ የቆሙት ሳቁ። ዙወይናና ኸልፋንም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ይቅር ይበለኝ።

«እንዴት ነሽ እህቴ?» አላት።

«ደህና ነኝ ወንድሜ።»

እርጎና ቴምር አቀረብኩላቸው። ቴምሩን ሁለቱም አልነኩም።

«ጥርስህ አንዱ ጫፉ ተሰብሯል» አለች በቀስታ። «አላውቅም ነበር።»

«አህያው ነው፣ በሰኮናው» አለ። ቆየት ብሎ፣ «አንቺም አገጭሽ ላይ ምልክት አለሽ።»

«ከልጅነቴ ነው።»

«እኔም አላውቅም ነበር።»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ሊሄድ ሲነሳ እንደ ልጅ ጎንበስ ብሎ ራሴን ሳመኝ። «በርቺ እናቴ» አለኝ። እናት የሌለው ልጅ እናት ማግኘቱ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረች፣ ትንሽ፣ ከዚያ ሁሉ ሐዘን ሥር። ያቺ ደስታው ናት አጥንቴን የበላችው። ሰባት ወር በየሳምንቱ መጣ። ሰባት ወር እህቴ አላት፣ እናቴ አለኝ። አንድ ቀን ብቻ እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ «ቴምር ጨምሩ» አልኩ።

*

የሰሜን ጉዞ ወቅት ደረሰ። ናኾዳ ሙሰለም ሳንቡክ የሚባለውን የሸራ መርከቡን ሆዱ እንዲቀባ አሸዋ ላይ አውጥቶ አዘመመው። ኸልፋንንም ለኩዌት ጉዞ መርከበኛ አድርጎ ወሰደው። አሁን «የቤቴ ልጅ ነው» እያለ ነበር የሚያስተዋውቀው፤ ልጅ ሳይሰጡ ልጅ ማድረግ ምን ይከብዳል? ኖራ የሚቀባበት ቀን ተቆረጠ። ኖራው ተቀብቶ እንዲጠነክር ይተዋል፣ ከዚያ በባሕሩ ሙላት ይነሳሉ።

በዚያው ቀን ጠዋት ኸልፋን እጁን እስከ ክንዱ በኖራ አንጥቶ መጣ። «እናቴ፣ እህቴን ወደ እመቤቲቱ ልውሰዳት። መሰናበት እፈልጋለሁ። አንቺም ነይ።»

ሦስታችን ወጣን። ጸሐዩ ገና አልበረታም። ዙወይና ፊቷ ክፍት ነው፣ ከኋላው ትራመዳለች፣ የረገጠበትን እየረገጠች። የፈረሱ ቤቶች መካከል የፍየል መንጋ ተበትኗል። መቃብሩ ውስጥ ስንገባ ኸልፋን ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ሄዶ እጁን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ። የተጣጠፈ የሻይ ቅጠል ወረቀት አወጣ።

ዙወይና ክው አለች። «እስካሁን እዚያው ነው?»

«አባቴ ሽማግሌ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ያስቀመጥሽው ነው። ሳላነሳው ነገሩ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ፈራሁት። እህት ለወንድሟ የማትጽፈው ነገር ቢኖርበትስ?»

«ከእቶኑ ጨምረው።»

«ሳላነብ አይሆንም። ባሕር ላይ ሆኜ ምን ነበር እያልኩ ልኑር?»

አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንብበው» አለች። «እናቴ ፊት አንብበው። የሚያሳፍር የለበትም።»

ኸልፋን ማንበብ ይከብደዋል። ፊደሉን በነጭ ጣቱ እየተከተለ፣ እየቆመ አነበበ። ቃል በቃል ልንገራችሁ፣ አልረሳሁትም።

«ኸልፋን፣ ነገ አባትህ ይመጣል። አባቴ እንቢ ካለ ይመለስ፣ ደግሞም ይምጣ። የኩዌቱን አስቤበታለሁ፣ እሄዳለሁ። ግን እናቴን ረያን ጥዬ አልሄድም። ልጇን በቀበረች ሳምንት ነው እኔን የታቀፈችኝ። ቤት ስንሠራ ሁለት ክፍል ይሁን፣ አንዱ የእሷ። መስኮቱ ወደ ባሕር ይሁን፤ ባሕር ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። እስካሁን አልነገርኳትም፣ ደስታዋን ለማየት በመጨረሻ ነው የምነግራት። እሺ ካልክ እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ሰማያዊ ሸክላ አስቀምጥልኝ። ምንም አትጻፍበት። ሸክላውን ካየሁ ይበቃኛል።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እስቲ አስቡት ልጆቼ። እኔ ትሄድብኛለች ብዬ እሳት ስለኩስ፣ እሷ ለእኔ መስኮት ስትከፍት ነበር።

ኸልፋን ወረቀቱን አጠፈው። ጎንበስ ብሎ ከመሬቱ ፈለገና አንድ ሰማያዊ ሸክላ አነሳ። በልብሱ ጠርጎ ስንጥቁ ውስጥ አስቀመጠው።

«ምን ታደርጋለህ?» አለችው ዙወይና። ድምፅዋ ተሰበረ። «አሁን ምን ይሠራል?»

«ለእናታችን ነው» አላት። «ወንድምም ቢሆን ለእናቱ ክፍል ይሠራል። ኩዌት ሠርቼ እሠራላታለሁ። መስኮቱ ወደ ባሕር።» ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፣ በዚያ በተሰበረ ጥርሱ። «አይደል እናቴ?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ኸልፋን፣» አልኩት፣ «እኔ እናትህ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፤ የወለደችኝማ —»

«የጡትም እናትህ አይደለሁም። የጠጣኸው የፍየል ወተት ነው። በጨርቅ። ሦስቱንም ቀን። ዋሽቻለሁ።»

ነፋሱ በወደቀው ጉልላት በኩል ይገባል፣ ይወጣል። ዙወይና እጇን አነሳች። ልትመታኝ መሰለኝ፣ ፊቴን አቀረብኩላት፤ ብትመታኝ ወድጄ ነበር። አልመታችኝም። እጇ ወደ ራሷ ሄደ። መከናነቢያዋን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ ሳበችው፣ ፊቷን ሸፈነች።

ኸልፋን ያን ጊዜ ነው የገባው። እሳት እንደ ነካው ወደ ኋላ አለ። ዞሮ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅኩም። ሰባት ወር ፊቷን ያየ ሰው ፊቷን ስትነፍገው እንደዚያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ባዕድ ሆነችለት። ሊያገባት የሚችላት ባዕድ።

የእኔ ልብ ግን አልተደሰተም። ከመከናነቢያው ውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«ስንት ወር ነው?»

«ሰባት።»

«ሰባት ወር እህቴ ሲለኝ ተቀምጠሽ ሰማሽ። ቴምር አቀረብሽልን።»

«አቀረብኩ።»

«ለምን?»

«ትሄጂብኛለሽ ብዬ።»

«አባቴ ዘንድ ሂጂ» አለች። «ሼኽ ዛሂርም እዚያው ናቸው። አሁን ሂጂ፣ ኖራው ሳያልቅ።»

እናቴ አላለችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያለዚያች ቃል ስትልከኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ፣ ጆሮዬ ያቺን ቃል ከኋላዬ እየጠበቀ።

*

ሠላሳ የሚሆን ሰው የሳንቡኩ ሆድ ሥር ነበር። እንደ ወጉ የመጀመሪያውን እፍኝ የሚቀባው ናኾዳው ራሱ ነው፤ ጀምሮ አልተወም ነበር፣ እስከ ክርኑ፣ እስከ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ጁመዓ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ይለውሳል። ሼኽ ዛሂር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ምሳ አምጥተው ነበር።

«ናኾዳ» አልኩት። «የጁመዓን ልጅ አላጠባሁትም።»

እጁ ሳንቃው ላይ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ከጡቴ አልቀመሰም። የነገርኩህ ውሸት ነው።»

የጁመዓ ማማሰያ ከበርሜሉ ውስጥ ወደቀ። ሼኹ ተነሥተው መጡ። አስማሉኝ፣ ማልኩ። ለምን እንደ ዋሸሁ ጠየቁኝ፣ በሠላሳ ሰው ፊት ተናገርኩ። ሲያልቅ ሸምሳ ናት መጀመሪያ የጮኸችው፤

«አንቺ ሴት! የእኔን ልጅ ከዓዋድ ልጅ ጋር አጥብቼያለሁ ብለሽ አልነበረም እንዴ? ስንት ዓመት እንደ ወንድምና እህት አኑረናቸው! እሱስ? እሱስ እውነት ነው?»

«እሱ እውነት ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

በዚህ ዳርቻ ሰባት ቤት የእኔን ወተት ጠጥቷል። ሰባቱም ቤት በዚያች ሰዓት ከሥሩ ተናጋ። እናቶቹ ያዩኝን አስተያየት መቃብር ይዤው እገባለሁ።

«ከእንግዲህ ቃልሽን ብቻውን ማንም አይቀበለውም» አሉ ሼኽ ዛሂር፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ እያዘኑ ነው ያሉት። ወደ ናኾዳው ዞሩ። «ሙሰለም፣ ለጁመዓ የሰጠኸው ምክንያት አንድ ነበር፤ እሱም ወድቋል። ሌላ ምክንያት ካለህ ይኸው ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ተናገር።»

ናኾዳው አፉን ከፈተ። ሠላሳ ሰው እየጠበቀው ነው። ምን ይበል? የኸልፋን አባት ኖራ ያቃጥላል ይበል?

ጁመዓ ነው የቀደመው። «ናኾዳ፣» አለ፣ «ከመናገርዎ በፊት ጢምዎን ይዩት።»

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ናኾዳው እጁን አየ፣ ክርኑን አየ፣ ነጭ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ኖራ አፍሶ ሳንቃው ላይ ለጠፈ።

«ጉዞው ሳምንት ይቆይ» አለ ለመርከበኞቹ፣ ማንንም ሳያይ። «ሠርግ አለብኝ።»

እልልታው እስከ ፈረሰው ከተማ ተሰማ። እኔ ግን የምቆምበት አልነበረኝም። ከደስታው መካከል ወጥቼ፣ በባዶው መንገድ፣ ባዶ ሆኖ ይታየኝ ወደ ነበረው ቤት ሄድኩ። በእርግጥም ባዶ ነበር፤ ዙወይና አባቷ ቤት ገብታለች።

*

ሠርጉ ሲሆን ከበሮውን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ። የሙሽራዋን እጅ ሂና የምትቀባው እናቷ ናት። ማን እንደ ቀባት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

መርከቡ በሚነሣበት ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ዙወይና ናት። ከኋላዋ ኸልፋን ቆሟል፤ እንደ ልማዱ ራሴን ሊስም ጎንበስ ማለት ጀምሮ ቆመ። ለካ የሚስቱ የጡት እናት ብሆንም በልቡ ባዕድ ሴት ሆኛለሁ። ቀስ ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ያላጠባሁት ልጅ ያን ጊዜ ነው በእውነት የሞተብኝ።

ዙወይና መዳፌን ከፍታ አንድ ነገር አስቀመጠችበት። ሰማያዊው ሸክላ ነበር።

«እናቴ አልልሽም» አለች። «ልል ሞክሬ ነበር፣ አይወጣልኝም። ነገም እንጃ። የጻፍኩትን ግን አልሰርዝም። ክፍሉ ይሠራል፣ መስኮቱም ወደ ባሕር ነው። ትመጫለሽ?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ይቻላል።

«ዘንድሮ አይሆንም» አልኳት። «ሰባት ቤት አለብኝ። በየበሩ እየሄድኩ ስለ እያንዳንዱ ልጅ እምላለሁ፤ እስኪያምኑኝ እመላለሳለሁ። ሲያልቅ፣ አባትሽ በሚቀጥለው ወቅት ሲነሣ፣ ያኔም ክፍሉ ካለ…»

«ሸክላውን ካልፈለግሽ ስንጥቁ ውስጥ መልሺው» አለች። «ከፈለግሽ ያዢው።» ዞራ ሄደች።

ሙላቱ ሲመጣ ወደ እመቤቲቱ ወጣሁ። ምዕራቡ ግድግዳ ሥር ቆሜ ሸክላውን ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁት። ይህን የመሰለ ነገር መያዝ የሚገባው እጅ የእኔ አልነበረም። አስጠጋሁት፣ መለስኩት። አስጠጋሁት፣ መለስኩት። በመጨረሻ ጨበጥኩት፣ ጠርዙ መዳፌን እስኪቆርጠው።

ሳንቡኩ ሆዱ ነጭ ሆኖ ከዳርቻው ወጣ። ወደ ኩዌት የሚጓዙት ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ዙወይናን በቁመቷ ለየኋት። ሸራው ሲነፋ ሁሉም ወደ አገራቸው ዞረው እጃቸውን አውለበለቡ። እሷም ወደ እኔ የዞረች መሰለኝ። ዓይኔ እስኪያነባ ትክ ብዬ አየሁ።

አይታኝ ይሁን አላውቅም። ፊቷ ተሸፍኖ ነበር።